አሥራ አራት ግራም

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ከቱሪንገን ደን የወረደው ጭጋግ የዙል ከተማን ጣሪያዎች ሸፍኖ፣ ከሥሩ ቀጭን ካፊያ ይጥል ነበር።

ሴትየዋ የሽጉጥ ሣጥኗን ባንኮኒው ላይ አኖረች። ከዚያም መቆለፊያውን ወደ ራሷ አዞረችው።

ዕቃ አለ ማለት ነው።

ኤክሃርት ቮስ ከያዘው ሞረድ ቀና አላለም። «ምን ሆነብዎት?»

«ይበትናል።»

«ወዴት?»

«ወደ ሁሉም አቅጣጫ።»

ሞረዱ ቆመ። የተስማሙበት ቃል ይህ አልነበረም። «ወደ ግራ ይስባል» ማለት ነበረባት። ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ የእንቅልፍ እጦት ነበር። ስለ ሽጉጡ እውነቱን እየነገረችው ነው።

ከምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ።

ሻምበል ብሩኖ ቴስማር እዚያ ተቀምጦ ነበር። ዘወትር ጠዋት ይመጣል፤ እግሩን ያሞቃል። የተኩስ ክለቡ የጸጥታ ሹም ነው። ለውድድር ወደ ምዕራብ የሚሻገር ተኳሽ ሁሉ በእሱ ፊርማ ይወጣል፤ በእሱ ዓይን ሥር ይመለሳል። የሚያየው ዓይኑ አንድ ብቻ ነው። በወጣትነቱ እሱም ተኳሽ ነበር፤ ግራ ዓይኑን የፈነዳ ቀለህ ወሰደው።

«ወይዘሮ ኬምፍ፣ የሚበትነው ሽጉጡ ነው ወይስ እጅዎ?»

«እጄን ከተጠራጠሩ እሱንም ለጥገና ትቼው ልሂድ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ይተዉት። ቮስ ሞርዶ ይመልስልዎታል።»

«አስቀድሞ የእርስዎን ምላስ ቢሞርድ ይሻላል።»

ቴስማር ሳቀ። ሮስቪታ ኬምፍም ሳቀች። ቮስ ሣጥኑን አንሥቶ ከባንኮኒው ሥር አኖረ።  ዙል ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው።

ከድንበሩ ማዶ ባሉ ወረቀቶች ላይ የቮስ ስም «ዋኔ» ነው። የእሷ «መርፌ»። ሁለቱንም የሚያዝዘው ሰው «አጎት» ይባላል።

ዋኔ የሐሰት ስም ይዞ መጣ እንጂ የሐሰት ሙያ ይዞ አልመጣም። እውነተኛ ሽጉጥ ሠሪ ነበር። መርፌ በከተማዋ የነዳፊዎች ቢሮ ለመድፍ የሚሆን መነጽር ትነድፋለች፤ የነደፈችውን ደግሞ ፎቶግራፍ ታነሣለች። የዛሬ አራት ዓመት ቮስ የሽጉጧን እጀታ ከውስጥ ቦረቦረው፤ ፊልሙን የሚደብቅ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ጉድጓድ አወጣለት። ሮስቪታ ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዳ ተኮሰች። ሦስት ጊዜ ባዶ እጀታ ይዛ ተመለሰች። በመካከላቸው የነበረው ቋንቋ ሣጥኑ ነው። መቆለፊያው ወደ እሷ ከሆነ፣ ዕቃ አለ። ወደ እሱ ከሆነ፣ የለም። ሣጥኑ ተገልብጦ ከተቀመጠ፣ አደጋ አለ፤ ጥለሽ ጥፊ።

የመጨረሻውን ተጠቅመውበት አያውቁም።

ይህ አራተኛው ጉዞ ከሌሎቹ ይለያል። ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች ነዳፊዎቹ ቢሮ መጥተው ከአጠገቧ የሚቀመጠውን ባልደረባዋን ይዘው ሄዱ። ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ወንበር የእሷ ነው። «አጎት» በቮስ በኩል ቃል ላከላት፤ ራይን ወንዝ ዳር ለሚደረገው ውድድር ትመጫለሽ፣ ሰዎቻችን ይቀበሉሻል፣ አትመለሺም።

የሚሄዱት ሴቶች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። የምርጫው ውድድር ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ማጣሪያው ከስድስት መቶ ነጥብ፣ አምስት መቶ ሰባ አምስት ነው ይላሉ። ሮስቪታ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አምስት መቶ ስድሳ ስምንት፣ ከዚያም አምስት መቶ ስድሳ ስድስት ተኩሳለች።

ቢያንስ ሰባት ነጥብ።

በሮስቪታና በዚያ ባዶ ወንበር መካከል የቆመው ሰባት ነጥብ ነበር።

ቮስ እንደ ሐኪም ጀመረ፤ ከቀላሉ። የኋላ ማነጣጠሪያውን ብሎን ፈተሸ። ጥብቅ ነው። ምላጩ የሚሳብበትን ክብደት ለካ፤ ደንቡ እንደሚለው አንድ ኪሎ ከጥቂት ግራም። አሳሳቡም አይንሸራተትም፤ እንደ ቀጭን በረዶ ቀጭ ብሎ ይለቃል። የአፈሙዙን ጫፍ በማጉያ መነጽር አየ። ጭረት የለበትም።

ከዚያ እጀታውን አወለቀ። ራቁቱን ሽጉጥ በብረት ማሰሪያ ጠፍሮ፣ ሃያ አምስት ሜትር ላይ ባለ ወረቀት አሥር ጥይት ተኮሰ። አሥሩን ቀዳዳ አንድ የአሥር ፌኒግ ሳንቲም ሸፈነው።

እጀታውን መልሶ አሠረ። አሁን በእጀታው በኩል ጠፍሮ አሥር ተኮሰ።

የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ስፋት።

ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆመ። ብረቱ ጤነኛ ነው። የሴትየዋም እጅ ጤነኛ ነው። የታመመው እንጨቱ ነው። ጉድጓዱ ባለበት በኩል ግድግዳው በአራት ዓመት ደርቆ ሳስቷል፤ በእያንዳንዱ ተኩስ አንዲት ፀጉር ታህል ይታጠፋል። ያቺ ፀጉር ሃያ አምስት ሜትር ተጉዛ ስትደርስ ጣት ታህላለች።

ሰባቱን ነጥብ የወሰደው ቮስ ራሱ ነበር።

መድኃኒቱ ግልጽ ነው፤ ጉድጓዱ ይደፈን። ከተደፈነ ግን ፊልሙ የሚገባበት የለም። ሌላ መሸሸጊያም አይገኝለትም፤ የሮስቪታ እጀታ ከነመዳፍ ማሳረፊያው ከአንድ የዋልነት ግንድ የተቀረጸ ነው። ሽጉጡ ወይ ይሸሽጋል፣ ወይ ይመታል።

«አጎት» ከፍራንክፈርት የሚመጣ የአደን ጠመንጃ ገዢ ሆኖ አልፎ አልፎ ዙል ይገባል። በፓስፖርቱ አቶ ዴሊዩስ ይባላል፤ ይህም ስሙ አይደለም። በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ገበያው አደባባይ ካለው ቋሊማ ጠባሽ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። ጢሱ ያስለቅሳል። የሚበላ ሰው የሚበላን ሰው አይጠረጥርም።

«ሰናፍጩን ያቀብሉኝ» አለ አጎት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ተፈጠረ?»

«ጉድጓዱ መደፈን አለበት። አለዚያ አታልፍም።»

«ድፈነዋ።»

«ፊልሙስ?»

«ወጣቷ አለች አይደል። አንትየ ሮት።»

ቮስ ማላመጡን አቆመ። አንትየ የክለቡ አንደኛ ተኳሽ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ምንም አታውቅም እኮ።»

«የማያውቅ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«ብትያዝስ?»

አጎት ከንፈሩን ጠረገ። «ቋሊማው ጨው በዝቶበታል።» ወረቀቱን ጨምቆ ጣለው። «መርፌ እንድትወጣ ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ሥራህን ሥራ።»

ሄደ። ወደ ኋላ አላየም። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ኋላ አያይም።

አንትየም ሽጉጧን ከውድድሩ በፊት እንዲያይላት ትታለት ነበር፤ የእጀታዋ መዳፍ ማሳረፊያ በብሎን የሚወጣና የሚወርድ ነው። ቮስ ፊልሙን ከጥቅልሉ ፈትቶ፣ ጠፍጣፋ አድርጎ ከማሳረፊያው ሥር አስገባው። ሽጉጧን ልትወስድ ስትመጣ አንትየ ብሎኑን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ከበፊቱ ይሻላል፤ ምን አደረጉት?» አለችው።

«ጠበቅ አደረግሁት።»

«እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ጠበቅ ነው የሚያደርጉት» ብላ እየሳቀች ወጣች።

የሮስቪታን ጉድጓድ የደፈነው ከዚያው የዋልነት ግንድ በተረፈ ቁራጭ ነው፤ የእንጨቱን መስመር ከመስመሩ አግጥሞ። ሦስት ቀን በማሰሪያ አቆየው። በአራተኛው ቀን ሮስቪታ መጣች። መዳፏን የሻማ ጥቀርሻ ቀባው። እጀታውን ጨበጠች፤ ለቀቀች። የጠቆረበት ቦታ የሚጫነው ነው። እሱን ፋቀ። እንደገና ቀባት።

«አሁንስ?»

«አውራ ጣትዎ ሥር ይጫናል።»

«ይጫነኝ። ለምጄዋለሁ።»

«ልማድ ነጥብ ይበላል፣ ወይዘሮ ኬምፍ።»

ስምንት ጊዜ ቀባት፤ ስምንት ጊዜ ፋቀ። በስምንተኛው ጥቀርሻው እንደ ጭጋግ ሳስቶ እጀታው ላይ እኩል ዐረፈ።

«እጄን እንዲህ የሚያውቀው ሰው የለም» አለች። «ባሌም አላወቀው።»

«ባልዎ ሽጉጥ ሠሪ አልነበሩም።»

«አናጺ ነበር። እሱም እንደ እርስዎ እንጨቱን ነበር የሚያየው።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ከዚያ እሷ ጥቁሩን መዳፏን እያየች ቆየች። «እዚያ ማዶ እጀታ ማን ይሠራልኛል?»

ቮስ መፋቂያውን ጠረገ። «ይህ አሥር ዓመት ይቆያል።»

ቀጥሎ ጥይቱ። ሽጉጥ ጥይት ይመርጣል። አንድ ፋብሪካ በአንድ ስም የሚያወጣው ጥይት እንኳ የሰኞውና የሐሙሱ አንድ አይደለም። የአሥራ አንድ ቀን ምርት አሰለፈ፤ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ተኮሰ። ስድስተኛው ጥሩ ነበር። ሰባተኛውን ሲያይ ሌሎቹን መልሶ ማሸግ ጀመረ። አሥሩ ቀዳዳ አንድ ለመሆን ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ካርዱን አወጣ።

በዙል ሽጉጥ ከሠሪ እጅ ሲወጣ ካርዱን ይዞ ይወጣል። አሥሩ ቀዳዳ ያለበት ወረቀት ነው፤ ከግርጌው ቀኑ፣ የጥይቱ ቁጥር፣ የሽጉጡ ክብደት በግራም፣ የሠሪው ፊርማ። አንዱ ለባለ ሽጉጡ፣ ግልባጩ ለመሳቢያው። ንጉሥ ሄደ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፣ እሱም ሄደ፤ ካርዱ አልተለወጠም። በዚህች ከተማ ሚስቱን የዋሸ ሰው ይታረቃል። ካርድ ላይ የዋሸ ሞረዱን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ሽጉጡን ሚዛን ላይ አኖረው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት።

ብዕሩ ቆመ።

መሳቢያው ውስጥ ያለው የአራት ዓመቱ ካርድ አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ይላል። ልዩነቱ አሥራ አራት ግራም ነው። የጉድጓዱ ክብደት።

አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። ውድድሩ ላይ የሚታየው ሽጉጡ ከተፈቀደው ክብደት አለማለፉ ብቻ ነው፤ አሥራ አራት ግራም የሚፈልግ የለም። ስሙ ሐሰት ነው። የልደት ቀኑ ሐሰት ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀለው የእናቱ ፎቶግራፍ የማያውቃት ሴት ነው። በዚህ ከተማ ካለው ነገር ሁሉ እውነት የሆነው የጻፋቸው ካርዶች ብቻ ነበሩ።

1118 ብሎ ጻፈ። ፈረመበት።

የምርጫው ውድድር ቅዳሜ ጠዋት ኮረብታው ላይ ባለው የተኩስ ሜዳ ተደረገ። ቮስ ከተመልካቾቹ መስተዋት ኋላ ቆሞ አየ። ሥራው አልቋል። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ነገር የለም፤ ማየት ብቻ። ለእጁ ሥራ ሲያጣለት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በመጨረሻው ዙር ዒላማው ለሦስት ሰከንድ ፊቱን ወደ ተኳሹ ያዞራል፤ ለሰባት ሰከንድ ይሸሻል። በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ክንድ ይነሣል፣ አንድ ጥይት ይወጣል፣ ክንድ ይወርዳል። ሮስቪታ እንደ በር ማጠፊያ ነበረች። ክንዷ በተነሣ ቁጥር ሽጉጡ ተመሳሳይ ቦታ ያገኛል፤ እጇን እጀታው ይጠብቀዋል።

አሥር። አሥር። ዘጠኝ። አሥር። አሥር።

አምስት መቶ ሰባ ስምንት። አንደኛ።

አንትየ አምስት መቶ ሰባ አራት ተኩሳ ሁለተኛ ሆነች። ማጣሪያ የተባለው ለወሬ ነበር፤ ሁለቱ ያልፋሉ። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። ሻንጣዎች ቀድመው ተዘጋጅተው ነበር።

ከጉዞ በፊት ሽጉጦች ተመርምረው ይታሸጋሉ። ቮስ በሱቁ ሰም ሲያሞቅ ቴስማር ገባ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

ይህን አድርጎ አያውቅም።

የሮስቪታን ሣጥን አግዳሚው ላይ አኖረ። ሽጉጡና እጀታው ተለያይተው ነበር። ከጎኑ ሦስት ካርዶች ደረደረ።

«አንብብልኝ፣ ቮስ። እኔ አንድ ዓይን ነው ያለኝ።»

ቮስ ሰሙን ማማሰሉን ቀጠለ፤ ቴስማር ራሱ አነበበ።

«የዛሬ አምስት ዓመት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት። የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት። የዛሬ ሦስት ቀን፣ እንደገና አሥራ ስምንት።» ጣቱን ሦስተኛው ካርድ ላይ አሳረፈ። «እንጨት ደርቆ ሲቀል አይቻለሁ። ደርቆ ሲከብድ ግን አላየሁም።»

«ዘይት ቀባሁት።»

«አሥራ አራት ግራም ዘይት? እጀታ ነው ወይስ ቋሊማ የጠበስከው?»

ሞረዱ በስተቀኝ ነው። በሩ ስድስት እርምጃ ነው። ቁልፉ ቴስማር ኪስ ውስጥ ነው።

«አትልፋ» አለ ቴስማር። ድምፁ የደከመ ነበር። «አጎትህን አውቀዋለሁ።»

ሰሙ ማሰሮው ውስጥ ቡጭ ቡጭ ይላል።

«ሁለታችንም አንድ አጎት ነው ያለን። ማን እንደሆንክ አልነገረኝም። እሱ ሁለት ሰው አያስተዋውቅም። የነገረኝ ስለ እሷ ነው። በሐምሌ ስንገናኝ፣ ኬምፍን ውሰዳት፣ እጀታዋን ፈልፍል አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ዛሬ ከውድድሩ በኋላ ፈታሁት። ድፍን ነው። መጋጠሚያው እንኳ አይታይም፤ ጥሩ አድርገህ ሠርተሃል። ባዶ እጄን ልመለስ ነበር፣ ቮስ። አውቶቡሱ ላይ ላሳፍራት ነበር።» ካርዶቹን አስተካከለ። «ልማድ ሆኖብኝ መሳቢያህን ሳብኩ።»

በሐምሌ። ለሮስቪታ ቃል የተሰጣት በመስከረም ነው። ቃሉ ሲሰጣት ተሽጣ ነበር። ፊልሙ ወደ አንትየ እጀታ የሄደውም የሮስቪታ እንደሚፈለፈል አጎት ስላወቀ ነው።

«ለምን እሷን?»

«ንድፎቿ አለቁ። እኔን ደግሞ በርሊን ያሉት አለቆቼ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰላይ አልያዝክም ይሉኛል። የማይዝ ሹም ይጠረጠራል። አንድ ከያዝኩ በርሊን እገባለሁ። በርሊን ከገባሁ ለአጎት ከመቶ መርፌ እበልጣለሁ።» ሰዓቱን አየ። «ስምንት ከሩብ ነው። ጉድጓዱን መልሰህ ክፈተው። ይህችን ውስጡ አድርጋት።» ባዶ የፊልም ቆርቆሮ አኖረ። «ሦስተኛውን ካርድ ቀይረው። መቶ አራት ብለህ ጻፍ። እሷ ራሷ በመጀመሪያው ዓመት ቦረቦረችው፤ አንተ አላወቅህም። ሪፖርቱ እንዲያ ይላል።»

«አንተ ቦርቡረው።»

«እኔ ስቦረቡረው እንጨቱ ዛሬ ነው ብሎ ይናገራል። አንተ ስትቦረቡረው አራት ዓመት ይሆነዋል።»

«እምቢ ብልስ?»

«ሦስቱን ካርዶች ይዤ እወጣለሁ። አንተ ትያዛለህ፣ እሷ ከአንተ ጋር ትያዛለች። ከዚያ ከእጅህ የወጣ እጀታ ሁሉ ይፈታል። የክለቡ በሙሉ።» ቴስማር ጋዜጣውን አንሥቶ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። «የልጅቷም።»

ቴስማር የአንትየ እጀታ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ማወቅም አላስፈለገውም።

ቮስ መንገድ ፈለገ። ቴስማርን ቢመታ፣ ውጭ ከሱቁ ፊት ባለው ዛፍ ሥር ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ከመስኮቱ ይታያሉ። ቢዘገይ፣ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ሽጉጦቹ ሁሉ ይመለሳሉ። ራሱን ቢሰጥ እሷን አያድንም፤ አንትየን ይጨምራል።

ሌላ መንገድ አልነበረም።

መቦርቦሪያውን አነሣ።

ሦስት ቀን በማሰሪያ ያቆየው ቁራጭ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሰጋቱራ ሆነ። ግድግዳውን እንደ ቀድሞው አሳሳው፤ አዲስ የተነካው ቦታ እንዳይነጣ በሻይ ዝቃጭ አሸው፤ አሮጌ ዘይት ቀባው። ሥራው ጥሩ ነበር። እጁ ሌላ ሥራ አያውቅም። ቆርቆሮውን አስገባ፤ ብሎኑን አጠበቀ፤ ሚዛን ላይ አኖረው።

ከነቆርቆሮው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባት።

ካርዱ ላይ 1104 ብሎ ጻፈ። ፊርማው ከሌሎቹ ፊርማዎች ጋር አንድ ነበር። ቴስማር የተቀየረውን ሦስተኛ ካርድ ከነግልባጩ ወስዶ ምድጃው ውስጥ ከተተው።

«አንድ ቁጥር ነው» አለ። «ሰው አይሞትበትም።»

ቮስ ሰጋቱራውን ከአግዳሚው ጠረገ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ቴስማር በሩን ከፈተ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ፣ በቀኝ ክንዱ ተደግፎ ቆመ። ቮስ ሣጥኑን አሸገ። ከዚያም በቴስማር በስተግራ፣ የሞተው ዓይን ባለበት በኩል፣ ባንኮኒው ላይ ገልብጦ አኖረው።

ሮስቪታ ካፖርቷን ለብሳ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ገባች። ጉንጯ ቀልቷል። «አምስት መቶ ሰባ ስምንት፣ አቶ ቮስ።»

«አይቻለሁ።»

«ለሁለት ወር የጠፋብኝን ነው ያገኙልኝ።»

ከዚያ ሣጥኑን አየች።

ፊቷ አልተለወጠም። ዓይኗ ብቻ ሄደ፤ ወደ ጓሮ በር፣ ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ወደ መስኮቱ፣ ዛፉ ሥር የዝናብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች፤ ወደ አውቶቡሱ፣ ሞተሩ ተነሥቶ። ዓይኗ ዞሮ ተመለሰ። የሚሄድበት አላገኘም።

ሣጥኑን ቀስ ብላ ቀና አደረገችው። መቆለፊያውን ወደ ራሷ አዞረች።

«እጀታው አሥር ዓመት ይቆያል ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«እውነት ነው?»

«ካልተነካ።»

ራሷን ነቀነቀች። ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችለት፤ ጨበጠው። ጥፍሮቿ ሥር ትንሽ ጥቀርሻ ቀርቶ ነበር።

«ይመችዎ፣ ጓድ ሻምበል» አለች ወደ ቴስማር ዞራ። «ምላስዎ ዛሬ ምን ነካው?»

ቴስማር ወለሉን አየ።

ወጣች። በሱቁ በርና በአውቶቡሱ በር መካከል ሠላሳ እርምጃ አለ። ቮስ ቆጠረው። በሃያ አራተኛው ሁለቱ ሰዎች ከዛፉ ሥር ወጡ። አንዱ ሣጥኑን ተቀበላት፤ ሌላው ሻንጣውን። የጮኸ ሰው አልነበረም። ከሩቅ ላየ ዕቃ የሚያግዟት ይመስላሉ።

አንትየ ሮት ከአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ፖም ትበላለች። ሽጉጧ ከእግሯ ሥር ነው። ወደ ውጭ አየች፤ ማላመጧ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች።

አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ።

በአሥረኛው ቀን ከፍራንክፈርት ደብዳቤ መጣ። የአደን ጠመንጃ ገዢው አቶ ዴሊዩስ ያዘዙት ዕቃ ሳይጎዳ እንደ ደረሰ ገልጸው፣ ለባለሙያው ጥንቃቄ ምስጋና አቅርበዋል። ሻምበል ቴስማር በጥር ወር ወደ በርሊን ተዛወረ። ምድጃው አጠገብ ያለውን ወንበር ሌላ ሰው ወሰደው፤ እሱም እግሩን ያሞቃል።

የሮስቪታ ኬምፍ ፍርድ በዝግ ችሎት ታየ። ቮስ በምስክርነት ተጠርቶ ካርዱ የእሱ መሆኑን አረጋገጠ። ወደ እሷ ሲያይ እጆቿ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ።

በሚያዝያ፣ በሳንባ ሕመም ምክንያት ፈቃድ ወስዶ የሄደ አንድ ሽጉጥ ሠሪ ወደ ሱቁ አልተመለሰም። ሞረዶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው አግዳሚው ላይ ቀሩ። በዚያው ክረምት፣ ከድንበሩ ማዶ፣ በሰሜን ባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በሌላ ስም የሚጠራ ሰው ብስክሌት መጠገን ጀመረ። ዝምተኛ ነው። ጎማ ሞልቶ ይሰጣል፤ ፍሬን ያስተካክላል። ደረሰኝ ላይ ከቀኑ በቀር ምንም ቁጥር አይጽፍም፤ ሒሳቡን በአፉ ይናገራል።

አንድ ቀን፣ ደንበኛ የረሳውን የተኩስ ስፖርት መጽሔት አግዳሚው ላይ አገኘ። ከኋላ ገጾቹ የባለፈው ዓመት ውጤቶች በትናንሽ ፊደላት ተደርድረው ነበር። በዙል የሴቶች የምርጫ ውድድር አንደኛ፣ አንትየ ሮት፣ 574።